የ15 ሰከንድ ፊልም፦ ከድሮው ሲኒማ ቤታችን የተረፈውን ማሽን ስጠግን

ጥር 3

ማሽኑ ዛሬ ግቢ ገባ። ከአውራ ጎዳናው እስከ በራችን በጋሪ፣ ከበር እስከ ጓዳው ደግሞ በአራት ሰው ትከሻ። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ማሳያ ነው። በጎኑ ያለችው የብረት ሰሌዳ በዝገቱ መሐል «ሲኔሜካኒካ፣ ሚላኖ» ትላለች። ሲኒማ ቤቱ በሚሠራበት ዘመን መንትዮች ነበሩ። አንደኛውን ቆራሌው ከዓመታት በፊት በኪሎ ወስዶታል። ይሄኛው የተረፈው ከጆንያ ጀርባ ተሸሽጎ ስለነበር ነው። አዳራሹ ዛሬ የእህል መጋዘን ሆኗል።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። የባለቤቶቹ ልጆች ማሽኑን በነጻ ሲሰጡኝ የለመኑኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። ከጎንደር ብዙም አትርቅም። ቅዳሜ ገበያ የሚቆምባት፣ አንድ ዋና መንገድ ያላት ከተማ ናት።

እኔ እዚያ አዳራሽ ፊልም አይቼ አላውቅም። ነፍስ ሳውቅ ተዘግቶ ነበር። የማስታውሰው ከኋላ ግድግዳው ላይ፣ ከፍ ብለው የተበሱትን አራት ትናንሽ መስኮቶች ነው። ወፍ ይገባባቸው ነበር። ሁለቱ ጨረር የሚወጣባቸው፣ ሁለቱ ደግሞ ኦፕሬተሩ የሚያይባቸው መሆናቸውን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

እቅዴ ማሽኑ እንደገና እንዲዞር ነው። እግረ መንገዴን የሲኒማ ቤቱን ታሪክ ከብረቱም ከሰዎቹም እየለቀምኩ እዚህ አሰፍራለሁ።

ጥር 5

ጽዳት ብቻ። ከሆዱ የአይጥ ጎጆ፣ አንድ እፍኝ ማሽላና የሱፍ ገለባ ወጣ። ዘይቱ እንደ ሰም ደርቋል። የሚፈቱትን ፈትቼ ናፍጣ ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ሦስት ብሎኖች በካቻቢቴ እምቢ አሉ። ነገ በሙቀት።

ጥር 8

ኦፕሬተሩን አገኘኋቸው!

ጋሼ 78 ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከአዳራሹ ሁለት ቅያስ ይርቃል። በ1958 የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሸካሚ ሆነው ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን አንግተው ገበያውን ይዞሩ ነበር። ከዚያ ሪል (የፊልም ጥቅል) ጠምጣሚ፣ ከዚያ ረዳት፣ በመጨረሻም ኦፕሬተር። ማሽኑ እኔ ዘንድ እንዳለ ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉ።

«የትኛው ነው? የበሩ ወይስ የግድግዳው?»

«እንዴት ይለያል ጋሼ?»

«የግድግዳው እጀታው ላይ ጨርቅ አለው። እኔ ነኝ የጠቀለልኩት፤ ብረቱ ያቃጥል ነበር።»

ቤት ገብቼ አየሁ። አመድ የመሰለ ጨርቅ እጀታው ላይ አለ። ላወልቀው ነበር። እንኳን ተውኩት። የግድግዳው ነው ማለት ነው።

ጥር 14

ጥምቀት አለፈ፣ ወደ ሥራ። ዛሬ የማሽኑን ልብ ከፈትኩ።

ፊልም ዝም ብሎ አይፈስም። ብርሃኑ ፊት ይቆማል፣ ይዘላል፣ ይቆማል፣ ይዘላል። በሰከንድ 24 ጊዜ። ይህን የሚያደርገው የማልታ መስቀል የሚባል ትንሽ ብረት ነው። አራት ስንጥቅ አለው። ከጎኑ የምትዞር ፒን በዞረች ቁጥር አንዱ ስንጥቅ ውስጥ ትገባና መስቀሉን ሩብ ዙር ታዞረዋለች። ከመስቀሉ ጋር አብሮ የሚዞረው ሮለር 16 ጥርስ አለው፤ ሩብ ዙር ማለት 4 ጥርስ ነው። እያንዳንዱ ምስል ደግሞ በጎኑ 4 ቀዳዳ አለው። ስለዚህ በአንድ ሩብ ዙር ልክ አንድ ምስል ይወርዳል።

ምስሉ ሲወርድ እንዳይታይ ሹተሩ ብርሃኑን ይጋርዳል። የዚህ ማሽን ሹተር ባለ ሁለት ክንፍ ነው፤ ምስሉ ቆሞ ሳለም አንዴ ይጋርደዋል። ተመልካቹ በሰከንድ 48 ብልጭታ ያገኛል ማለት ነው። 24 ብቻ ቢሆን ኖሮ ዓይን ያማል።

መስቀሉ ደህና ነው። ዘይት ውስጥ ተዘፍዝፎ ስለሚሠራ ዝገት አልነካውም። ጋሼ ስሙን «ክሮቼ» ነው የሚሉት፤ በጣሊያንኛ መስቀል ማለት ነው። የተጎዳው ፊልሙ የሚያልፍበት በር ነው። ብረቱ በሁለት መስመር ተቦርቡሯል። ፕላስቲክ ብረትን እንዲህ እስኪቦረቡር ስንት ፊልም አልፎ ይሆን ብዬ ብዕር አነሳሁ። የ90 ደቂቃ ፊልም ወደ 2,460 ሜትር ይረዝማል። ጋሼ እንዳሉኝ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ሁለት ጊዜ ይታይ ነበር። ለሁለቱ ማሽኖች ሲካፈል በሳምንት ለእያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳቸዋል። በ25 ዓመት ከ6,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አራት ጊዜ ደርሶ መልስ፣ በዚህች ጣት በማታህል በር ውስጥ።

ጥር 17

ጋሼ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዘው መጡ።

ፊልም ሲበጠስ የተጎዳውን ቁራጭ ቆርጦ መጣልና ጫፎቹን ማጣበቅ የኦፕሬተር ሥራ ነው። እሳቸው ግን አልጣሉም። የ26 ዓመት ቁርጥራጭ ጣሳው ውስጥ አለ። አንዳንዱ ሁለት ምስል፣ አንዳንዱ ክንድ የሚያህል።

«ለምን አስቀመጡት?»

«እንዴት ይጣላል? ሰው አለበት እኮ።»

ሌሊቱን መብራት አልነበረም። በእጅ ባትሪ አንድ በአንድ እያነሳሁ አየሁ። የፈረስ ጭንቅላት። ደረጃ ላይ የቆመች ሴት። ባዶ ወንበር። እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም።

ጥር 22

ቆጥሬ ጨረስኩ፦ 231 ቁራጭ። ከሥዕሉ ይልቅ የጠቀመኝ ጠርዙ ነው። ከቀዳዳዎቹ ውጪ ያለው ቀጭን ጠርዝ ላይ የፊልሙ አምራች ስሙን ያትማል። ኮዳክ 96፣ ኦርቮ 58፣ በሩሲያ ፊደል ስቬማ የሚል 31፣ የጣሊያኑ ፌራኒያ 14፣ የማይነበብ 32። ኮዳክ ዓመቱን በክብ፣ በአራት ማዕዘንና በሦስት ማዕዘን ምልክት ነው የሚያትመው። ምልክቶቹ ግን በየ20 ዓመቱ ይደገማሉ። ስለዚህ ከጋሼ ትዝታ ጋር ማመሳከር ግድ ይላል።

አብዛኛው የቀለም ፊልም ቀልቷል። ሰማዩም ሳሩም ፊቱም ቀይ። የዚያ ዘመን የቀለም ፊልም ሰማያዊውና ቢጫው ቀድሞ ይሞታል፤ የሚቀረው ቀዩ ነው። አንዳንዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። ፊልሙ የተሠራበት ፕላስቲክ፣ አሲቴቱ፣ መበስበስ ሲጀምር የሚያወጣው ሽታ ነው፣ ወደ ሌላውም ይዛመታል። የሚሸቱትን ለብቻ ለየሁ።

ሁለቱ ጠርዛቸው ላይ «ሴፍቲ» (በቀላሉ እሳት የማይይዝ ፊልም ማለት ነው) የሚል ጽሑፍ የላቸውም። ናይትሬት ሊሆኑ ይችላሉ። እስከ 1940ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሲሠራበት የነበረ ፊልም ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ውስጥም ይነዳል። በእሳት አልፈትናቸውም። በብረት ሣጥን አድርጌ ከቤት ርቆ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው።

የኦርቮዎቹ ብዛት ገርሞኛል። ኦርቮ የምሥራቅ ጀርመን ነው። ደርግ ሲገባ የምሥራቅ ጀርመን ፊልም ይጎርፍ ነበር ማለት ነው።

ጥር 27

ባለፈው ስለ ኦርቮዎቹ የጻፍኩት ስህተት ነው። ሳልሰርዝ ላርመው።

ጋሼ ኦርቮዎቹን በመስኮት ብርሃን አይተው «ይሄ የህንድ ነው» አሉ። አልተቀበልኳቸውም። ጠርዙን አሳየኋቸው። እሳቸው ደግሞ ሥዕሉን አሳዩኝ። ሳሪ የለበሰች ሴት፣ ከኋላዋ በህንድ ፊደል የተጻፈ የሱቅ ሰሌዳ። ህንዶች ጥሬ ፊልም ከምሥራቅ ጀርመን በብዛት ይገዙ ነበር። ጠርዙ የሚነግረን ፕላስቲኩ የት እንደተሠራ እንጂ ታሪኩ የማን እንደሆነ አይደለም። 58ቱንም እንደገና አየሁ። ቢያንስ 40ዎቹ የህንድ ናቸው።

ይህ ከሰዎች ከሰማሁት ጋር ይገጥማል። የከተማው ሰው የህንድ ፊልም ወዳጅ ነበር። ቋንቋውን ማንም አይሰማም፤ እናት ስታለቅስ ግን ማስተርጎም አያስፈልግም። ከገጠር የመጣ ገበያተኛ ሳይቀር አህያውን አስሮ ይገባ ነበር። የፊት አግዳሚ ወንበር ስሙኒ፣ የኋላው ሽልንግ። አክተሩ እንደማይሞት ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም ሽፍታው ከኋላው ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ «ዙር! ዙር!» ብሎ ይጮህለታል።

የካቲት 4

ለጉዳይ ጎንደር ሄጄ ፒያሳ ላይ ቆየሁ። ጣሊያን ጎንደርን የያዘው መጋቢት 23 ቀን 1928 ነው። ኅዳር 18 ቀን 1934 እስኪማረክ በነበሩት ዓመታት በአርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ ፕላን አዲስ ማዕከል ሠራ። የጎንደሩ ሲኒማ ቤት የዚያ ዘመን ሥራ ነው። ፊቱ ቆሜ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ያማረ ሕንፃ ነው። ግን በዚያ ዘመን ቅኝ ገዢው ከተሞቹን በዘር ከፋፍሎ ነበር፣ ሲኒማውም አልቀረም። ውበቱን ሳደንቅ ይህን መርሳት አልፈልግም።

ጋሼን ያስተማሯቸው ሰው ሥራውን ከጣሊያኖች ነው የቀሰሙት። የሥራው ቋንቋ በዚያው ቀረ። ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ሞላ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ። ጋራዥ ውስጥ ዛሬም የምንናገረው ነው።

ተመልካቹ ደግሞ የራሱን ስም አወጣለት። የአዲስ አበባ የመጀመሪያዎቹ ታዳሚዎች ሲኒማውን «ሰይጣን ቤት» ብለውት እንደነበር የታወቀ ነው። የጋሼ እናትም ልጃቸው ሥራ ሲገባ ያሉት ይህንኑ ነው፦ «ሰይጣን ቤት ተቀጠረ!» በመጀመሪያው ደመወዝ ነጠላ ሲገዙላቸው ግን ተዋቸው።

የካቲት 9

ጥፋት ሠራሁ። ከሞተሩ ኃይል የሚቀበለውን ማርሽ ሳወልቅ ቸኮልኩ። ብረት መስሎኝ መታሁት። በሙጫ የተጠበቀ ጨርቅ ነው፤ ድምፅ እንዲቀንስ ሆን ተብሎ እንዲህ ይሠራል። ሁለት ጥርሱ ረገፈ። 60 ዓመት የቆየ ነገር በእኔ እጅ በአንድ ከሰዓት። ለጋሼ ለመናገር ሁለት ቀን ፈራሁ። ስነግራቸው «የበሩንም እኔ ሰብሬዋለሁ፣ አይዞህ» አሉኝ።

የካቲት 26

ማርሹ ከቶርኖ ቤት ተመለሰ። የመጀመሪያው ልክ አልነበረም፤ ጥርሱ ስለጠበበ ያንቃል። ሁለተኛው ገጠመ።

ባለሙያው ማሽኑን ሊያይ መጥቶ አንድ ነገር አስተዋለ። የታችኛው ዘንግ የሚዞርበት የነሐስ ቀለበት ፋብሪካ የሠራው አይደለም። ቢላ የነካው ምልክት አለበት። ጋሼን ጠየቅናቸው። በደርግ መጨረሻ ዓመታት መለዋወጫ ከየትም አይገኝም ነበር። ቀለበቱ ሲያልቅ የከተማው ብረት ሠሪ ከመድፍ ቀለህ ቀርጾ ሠራላቸው። «ጦርነቱ ያላሳጣን ቀለህ ብቻ ነበር» አሉ። ቀለበቱ እስከ ዛሬ ይሠራል። አልቀይረውም።

መጋቢት 5

ስለ ብርሃኑ። ይህ ማሽን አምፖል አልነበረውም። ሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ ለጫፍ ይነካኩና ትንሽ ሲራራቁ በመሐላቸው እሳት ይዘረጋል። የጫፉ ሙቀት ወደ 3,500 ዲግሪ ይደርሳል። ከኋላ ያለው መስተዋት ብርሃኑን ሰብስቦ ፊልሙ ላይ ያሳርፈዋል። ካርቦኑ እየነደደ ስለሚያልቅ ኦፕሬተሩ በየደቂቃው ማቀራረብ አለበት። ከተዘናጋ ሸራው ይጠቁራል፣ ፉጨት ይጀመራል። ፊልሙ ቆሞ ከቀረ ደግሞ ምስሉ መሐል ቡናማ ክብ ይወለዳል፣ ይሰፋል፣ ይፈላል። ተመልካቹ የአክተሩን ፊት ሲቀልጥ ያያል።

እጥረት በነበረ ጊዜ ጋሼ ጉማጆቹን በናስ ቱቦ እየቀጠሉ ያነዱ ነበር። ጣታቸው ላይ ያለው ጠባሳ የዚያ ነው።

እኔ ካርቦን አላነድም። ጭሱም ጨረሩም ጎጂ ነው፣ የቀረው ፊልምም አይችለውም። 50 ዋት ኤልኢዲ ከመስተዋቱ ፊት አሰርኩ። ጋሼ አልተደሰቱም። «የሞተ ብርሃን» አሉት። ገባኝ፤ ግን ፊልሙን ማቃጠል አልፈልግም።

መጋቢት 12

አዳራሹ እንዴት እንደተዘጋ ዛሬ አወራን። ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ነበር። ሸራው በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ፊልሞቹ በአውቶቡስ ጣሪያ ነበር የሚመጡት፣ ትልልቆቹ ከተሞች ከጠገቡ በኋላ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ትርፍ ቤቶች በአዋጅ ሲወረሱ አዳራሹም ተወረሰ። ጋሼ በዚያው ቀጠሉ። ጠዋት ስብሰባ፣ ማታ ፊልም። ስቬማ የሚሉት ቁራጮች የዚያ ጊዜ ናቸው፤ በረዶ፣ ታንክ፣ ስንዴ።

ከዚያ ቪዲዮ መጣ። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የካሴት ማጫወቻ፣ ሃያ ዱካ ያለው ሰው ሁሉ ሲኒማ ቤት ከፈተ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ቪዲዮ ቤት። የመጨረሻዋን ቅዳሜ 11 ሰው ገባ። ጋሼ ሁሉንም በስም ያስታውሷቸዋል። አንዱ ትኬት ቆራጩ ራሱ ነበር።

መጋቢት 20

ጋሼ አንድ ነገር ለመኑኝ። ጣሳው ውስጥ ያለውን በማሽኑ ማየት ይፈልጋሉ።

ተቸገርኩ። ያረጀ ፊልም ይሰበራል፣ ሌላ ቅጂም የለውም። ሁለት ሌሊት አሰብኩበት። በመጨረሻ ሁሉንም 231 ቁራጭ በካሜራ አነሳሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ከዚያ ረጃጅሞቹን መረጥኩ።

ያረጀ ፊልም ይሸመቅቃል፣ ቀዳዳውም ከጥርሱ ጋር አይገጥምም። ጤነኛ ፊልም ላይ 100 ቀዳዳ 475 ሚሊ ሜትር ነው። ከ471 በታች የሆነውን ሁሉ አስቀረሁ፤ አጠር ያሉትንም በዚያው ሂሳብ። ዘጠኝ ቁራጭ አለፈ። ሲቀጣጠሉ 7 ሜትር፣ 368 ምስል። 15 ሰከንድ።

ጋሼ በድሮው መንገድ ሊያጣብቁ ፈለጉ፤ ሽፋኑን በምላጭ ፍቆ፣ በሙጫ። አሳይተውኛል፣ እጃቸው አሁንም አይንቀጠቀጥም። እኔ ግን ሲፈለግ በሚላቀቅ ፕላስተር ቀጠልኩ።

ከዘጠኙ አንዷ የሪል መጨረሻ ናት። በቀኝ ላይኛው ጥግ ትንሽ ክብ አላት። አንድ ሪል 20 ደቂቃ ያህል ነው የሚይዘው። ሊያልቅ 8 ሰከንድ ሲቀረው ክቧ ብቅ ትላለች፤ ያኔ የሁለተኛው ማሽን ሞተር ይነሳል። አንድ ሰከንድ ሲቀር ሌላ ክብ ትመጣለች፤ ያኔ ብርሃኑ ይቀየራል። ተመልካቹ ሳያውቅ ማሽን ተቀየረ ማለት ነው። የእኛዋ ላይ ከክቧ ሌላ በምስማር የተጫረ መስቀል፣ ኮከብና ሁለት ሰረዝ አለ። ፊልሙ ባለፈባቸው ከተሞች ሁሉ ኦፕሬተሮቹ የየራሳቸውን ምልክት ጭረዋል። ሁለቱ ሰረዝ የጋሼ ናቸው።

ሚያዝያ 4

ያለ ፊልም ሙከራ። ይዞራል! ድምፁ እንደ ስፌት መኪና ነው። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳምጠው «ታችኛው ኩሽኔታ ዘይት ይፈልጋል» አሉ። ከፈትኩት። ደርቋል።

የድምፅ ክፍሉን ትቼዋለሁ። ድምፁን ከፊልሙ ጠርዝ የሚያነበው የብርሃን ሴል ሞቷል።

ሚያዝያ 6፣ ማታ

አቡጀዲ ግድግዳው ላይ ወጠርን። የሰፈር ልጆች መጡ፣ የአዳራሹ ባለቤቶች ልጅም መጣች። ከፊትና ከኋላ ባዶ ፊልም ቀጥዬ ጋሼ እንዲያስገቡት ለቀቅኩላቸው። ያለ መነጽር አስገቡት። ከበሩ በላይ ያለችውን የፊልም ቀለበት በጣታቸው ለክተው «አነሰች» ብለው አንድ ምስል ጨመሩላት። ልክ ነበሩ፤ ቀለበቷ ካነሰች ፊልሙ ሲዘል ይበጠሳል።

አስነሳነው። ፈረስ። ቀይ ሰማይ። ቀጭንና ረጃጅም ሰዎች፤ ይህኛው የሲኒማስኮፕ ፊልም ነው፣ ምስሉ በጎን ተጨምቆ የተቀረጸ፤ የሚያሰፋው ሌንስ ከተማችን አልደረሰም፤ ጋሼ እንዳሉት ሰውም ለምዶት ነበር። ሳሪ የለበሰችው ሴት ዞር አለች። እስከ ዛሬ ቆማ ነበር የማውቃት። በረዶ ላይ የሚሄድ ወታደር። ደረጃ። ከዚያ የመጨረሻዋ ቁራጭ፣ ከጥግ ክቧ፣ ሁለቱ ሰረዝ።

ያን ጊዜ የጋሼ ግራ እጅ ከጎናቸው ተነሳ። ወደ በሩ፣ ሁለተኛው ማሽን ይቆምበት ወደነበረው አቅጣጫ ተዘረጋ፤ አየር ላይም እጀታ እንደሚጨብጥ ተጨበጠ።

ፊልሙ አለቀ። አቡጀዲው ነጭ ሆነ። ልጆቹ «ድገሙት» አሉ።

አልደገምንም። ሦስተኛው ቅጥል ላይ ስንጥቅ አይቻለሁ። ነገ የታችኛውን ሪል ቺንጋ እቀይራለሁ፤ ቅጥሉም ይታያል። ጋሼ በሁለት ሰዓት እመጣለሁ ብለዋል።